ቲቸር ጭረትና የሰሚራ ዓረፍተ ነገር

ኢድሪስ ማረፉን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ሹፌሩ በመስታወቷ አየት አደረገኝና፣ «አንተ የአማርኛው ቲቸር አይደለህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ቲቸር ጭረት ሞተ አይደል! ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል እያሉ ነው። አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም ነበር። ሹፌሩ እንደ ብዙው የከተማው ልጅ የእሱ ተማሪ ነበርና፣ «ለእኔማ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ማርክ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ አቦ» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሳልነግረው ባጃጁን አዞረና ወደ ሳቢያን ነዳ።

ስንደርስ የኢድሪስ ሰፈር በሰው ተሞልቷል። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከግማሽ የሚበልጠው በልጅነቱ በኢድሪስ ቀይ እስክሪፕቶ የተሠመረበት ሰው ነው። ጀናዛው እስኪወጣ ድረስ በየጥጉ የሚወራው ቀልዱ ነበር። አንዱ አንድ ሲያነሳ ሌላው ይጨምርበታል። እኔ ከአጥሩ ተደግፌ ሳዳምጥ የማስበው ማንም ያላነሳውን ነገር ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ግን ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከታት ሰው ጻፈው ብላኛለች።

ኢድሪስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እኔ አማርኛ፣ እሱ እንግሊዝኛ እያስተማርን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር፤ ሲዞር የሚያቃስተውን የጣሪያ ማራገቢያም ተካፍለናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድሬዳዋ በምትቀልጥበት ወር እንኳ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ከእናቱ ጋር በሐረሪኛ፣ ከሚስቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከነጋዴው ጋር በሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል። በእነዚህ ሁሉ እንደ ፈለገ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ያጋንናል። እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ እያንዳንዷን ቃል እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት።

«ትንሽ ስሕተት የሚባል ነገር የለም፣ አቦ» ይል ነበር። «ቸኩሎ ያየ ዓይን ነው ያለው።»

ይህ ለክፍል ብቻ የሚባል ነገር አይምሰላችሁ። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ አጠገብ የተሳፈርንበትን ባጃጅ አስቁሞ ወረደ። አዲስ የተሰቀለ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ላይ እንግሊዝኛው አንድ ፊደል ጎድሎታል። ባለቤቱ ሶማሌ ወዳጁ ነው፤ አስጠርቶ ያስረዳው ጀመር። ሰውየው እጁን በፎጣ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣

«ወሪያ ኢድሪስ» አለው፤ «ሰው እዚህ የሚመጣው ሥጋውን ሊበላ ነው ወይስ ጽሑፉን?»

«ሥጋው ውስጥ ጠጠር ብታገኝ ዝም ትላለህ?»

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለፍን ጊዜ ማስታወቂያው ተስተካክሎ ነበር። ኢድሪስ እስከ ደቻቱ ድልድይ ድረስ እያፏጨ ነው የሄደው።

«ቲቸር ጭረት» የተባለው በአንዲት ትምህርቱ ምክንያት ነው። እንግሊዞች አንድ ነገር ቅርብ ነው ለማለት ሲፈልጉ «ኤ ስቶንስ ስሮው» ይላሉ፤ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ማለት ነው። በአማርኛም አለን። ኢድሪስ ይህችን አባባል የሚያስተምረው ሜዳ ላይ ነበር። ክፍሉን በሙሉ ወደ ኳስ ሜዳው ያወጣና አንዱን ተማሪ ድንጋይ ያስወረውራል። ድንጋዩ የወደቀበት ድረስ በረጅም እግሩ ይሄድና እዚያ ቆሞ ይጮኻል።

«ይህ ርቀት የማነው?»

«የድንጋዩ!»

«የድንጋዩ ከሆነ ድንጋዩ ላይ ምን ይለጠፋል?»

«ኤስ!»

«ከኤሷ በፊትስ?»

«ጭረት!» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፤ ከፊደሏ አናት ጎን የምትንጠለጠለውን የእንግሊዞቹን አፖስትሮፊ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ቀልዱ ይከተላል። «ኤሷንና ጭረቷን የረሳችሁ እንደሆነ ግን ርቀቱ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። ቅርብ ነበርኩ ያላችሁ ሲመስላችሁ ድንጋይ ወረወርኩ ብላችሁ ታርፋላችሁ። ያን ጊዜ ፖሊስ ሲይዛችሁ ቲቸርን ጥሩልን እንዳትሉ!» ሜዳው በሳቅ ያስተጋባል። በየዓመቱ ያው ቀልድ ነው፤ በየዓመቱም አዲስ ልጆች ይስቁለታል።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ሰሚራ ነበረች። እናቷ አዴ ሙና ከሐርላ በኩል መጥታ፣ ቀፊራ ቲማቲምና ቃሪያ እየቸረቸረች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም፤ ሒሳብ ጣላት። እንግሊዝኛዋ ግን ጥሩ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ በስፌት ተቀጠረች፤ ከውጭ አገር ኃላፊዎቹ ጋር መግባባት ስለቻለችም ብዙ ሳትቆይ የመስመሯ ሱፐርቫይዘር ሆነች። ኢድሪስ ይህን ያልነገረው ሰው አልነበረም። «የእኔ ልጅ ፈረንጆቹን ታስረዳቸዋለች» ይላል። የወለደው ልጅ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ረብሻ ተነሣ። ሠራተኞቹን የሚያመላልሰው አውቶቡስ ተቋርጦባቸው ስለነበር በሩ ላይ ተሰብስበው ሲጮኹ፣ ከመሐል ድንጋይ ተወረወረ። የጥበቃ ክፍሉ መስታወት ረገፈ፤ ስብርባሪው የዘበኛውን አንድ ዓይን አጠፋው።

በማግሥቱ በቦታው የነበሩ ሱፐርቫይዘሮች ሁሉ ያዩትን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ታዘዙ፤ ኃላፊዎቹ ሌላ ቋንቋ አያነቡም። ሰሚራ ደንግጣ፣ ቸኩላ ጻፈች። መስታወቱ ሲሰበር ከበሩ በጣም ቅርብ ነበርኩ ማለት ፈልጋ ትዝ ያላት ያ የሜዳ ላይ አባባል ነው። ጻፈችው። ኤሷንና ጭረቷን ግን ረሳች፤ «ኤ ስቶን ስሮው» ብቻ ሆነ። ፈረመችበት።

ወረቀቱ ወደ ፖሊስ ሲሄድ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነው። ትርጉሙ «መስታወቱ ሲሰበር በሩ ላይ ድንጋይ ወርውሬያለሁ» ይል ነበር። ሰሚራን ከሥራ ቦታዋ ወሰዷት።

አዴ ሙና ትምህርት ቤታችን ስትደርስ እጇ ላይ የቲማቲሙ ውሃ አልደረቀም ነበር። በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ሌሎቻችንን ሳታይ፣ ኢድሪስን ብቻ እያየች ተናገረች።

«ቲቸር፣ ልጄ ጽፋ ነው የታሰረችው ይሉኛል። መጻፍ ያስተማርካት አንተ ነህ። ያ ረቢ፣ ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

አብሬው ወደ ጣቢያው ሄድኩ። መርማሪው ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን አሳየን። ኢድሪስ የሰሚራን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ደረት ኪሱ፣ ወደ ቀይ እስክሪፕቶው ሄደ። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ ሲለው እጁ መሐል ላይ ቆመ።

«ሳጅን፣ ይህ ትርጉም ስሕተት ነው» አለ። «ቅርብ ነበርኩ ነው ያለችው። እዚህ ጋ አንዲት ኤስ አለች፣ ከእሷ በፊት ደግሞ አንዲት ጭረት…» መዳፉ ላይ በጣቱ እየሣለ አሳየው።

ሳጅኑ መዳፉን አየ። ወረቀቱን አየ። «እዚህ ወረቀት ላይ ጭረቷ የታለች?»

«ረስታት ነው።»

«መምህር» አለ ሳጅኑ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ «ሰው ዓይኑን አጥቷል። አንተ ስለ ጭረት ታወራኛለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢድሪስ ክፍለ ጊዜውን ሲጨርስ ቤቱ አይሄድም። በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ መዝገበ ቃላቱን በፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። አንዱ «ሕጋዊ ተርጓሚ አምጣ» ይለዋል፤ ሌላው «ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ምሳ ወጥቷል። ሲመሽ የሚያገኘው አዴ ሙናን ነው፤ የልጇን ምሳ ዕቃ ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ምን አገኘህ ብላ መጠየቁን ትታለች። አጠገቧ ይቀመጣል።

ዘበኛው ቤትም ሄድን። ጋሽ ተሾመ ይባላል፤ ሁርሶ የሠለጠነ የድሮ ወታደር ነው። ፊቱ ግማሽ ድረስ በፋሻ ተሸፍኖ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«ልጅቱን አውቃታለሁ» አለን። «ጠዋት ጠዋት ሳትስቅልኝ አትገባም።»

«እንግዲያው አልወረወረችም በልልን» አለ ኢድሪስ።

«እኔ ያየሁት ድንጋዩን ነው። የወረወረውን እጅ አላየሁም።»

«እሷ እንዳልሆነች ግን ልብህ ያውቃል።»

«ልቤ ምስክር አይቆምም፣ ወንድሜ። አላየሁም ያልኩትን አየሁ ልበል?»

ስንወጣ ኢድሪስ በሩ ላይ ቆም አለ። «ትክክለኛ ሰው ነው» አለኝ። እንዲህ ብሎ ሲያመሰግን እንደዚያ ቀን ከፍቶት አይቼው አላውቅም።

ተርጓሚው ማን እንደሆነ የነገረችን የሰሚራ ተከላካይ ጠበቃ ናት። ዮናስ ይባላል፤ የፋብሪካው አስተርጓሚ ነው። ስሙን ስትጠራ ኢድሪስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዮናስም የእሱ ተማሪ ነበር፤ ከሰሚራ ጥቂት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ፣ ጎበዝ ልጅ።

ከሥራ ሲወጣ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ጠብቀን አገኘነው። እኛን ሲያይ መንገድ ሊለውጥ አሰበና ተወው።

«ዮኒ፣ ልጄ፣ እንዴት እንዲህ ብለህ ትተረጉማለህ?»

«ቲቸር፣ የወረቀት ክምር ሰጥተውኝ ዛሬውኑ አድርስ አሉኝ። ኤስ የለውም፣ ጭረት የለውም። አንተ ምን ብለህ ነው ያስተማርከን?»

ኢድሪስ የመዝገበ ቃላቱን ከረጢት ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«ርቀቱ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል አላልክም? ሜዳ ላይ፣ ሁላችንም ፊት?»

«ቀልድ ነበር እኮ፣ ዮኒ!»

«እኔ ልጅ ነበርኩ። የትኛው ቀልድ፣ የትኛው ሕግ እንደሆነ በምን ልለየው?»

«እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ግን አወቅክ። በትርጉም ተሳስቻለሁ ብለህ ጻፍላት።»

ዮናስ ወደ ፋብሪካው በር ዞሮ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሚስቴ ገና አራስ ናት፣ ቲቸር። እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ነገ ሥራ የለኝም።»

ያን ጊዜ ኢድሪስ፣ ያ ረጅም ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ የዮናስን ጉልበት ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ዮናስ በድንጋጤ ወደ ኋላ ዘለለ። «ቲቸር ተው! ሰው ያያል፣ ተው!» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ኢድሪስ እንደጎነበሰ ቀረ። ከሥራ የሚወጡት ልጆች እያለፉ ሲያዩት እኔ ክንዱን ይዤ አነሣሁት። ክብደት አልነበረውም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ፤ የዝናቡ ወቅት አልፎ የደቻቱ ወንዝ እንደገና አሸዋ ሆነ። ሰሚራን ልናይ በሄድን ቁጥር ፊቷ እያነሰ፣ ዓይኗ እየተለቀ ነበር። አንድ ቀን በሽቦው ማዶ ቆማ፣ «ቲቸር፣ ተሳስቼ ጻፍኩ እንዴ? ሁሉም ስለ ጽሑፌ ነው የሚያወራው፤ ምኑ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም» አለችው። ኢድሪስ አፉን ሲከፍት ጠባቂዋ ሰዓት አልቋል አለች። ሳይመልስላት ወሰዷት። መንገድ ላይ ኢድሪስ፣ «ሰዓቱ ማለቁ ደስ አለኝ» አለኝ።

ኢድሪስ የመከላከያ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ተወሰነ። ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ጠበቃዋ ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠችው። ወጣት ናት፤ ብዙ መዝገብ የያዘች፣ እንቅልፍ ያጣች።

«ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጥያቄ ይጠይቅዎታል» አለችው። «ልጅቱ እንደጻፈችው ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? ስሕተት ነው ካሉ፣ ስሕተት የጻፈ ሰው ምን ማለት እንደፈለገ በምን ያውቃሉ ይልዎታል። እዚያ ላይ እንሸነፋለን።»

«ትክክል ነው ካልኩስ?»

ጠበቃዋ መዝገቡን ዘጋች። «እኔ ዋሹ አልልዎትም» አለችው።

ስንወጣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካሉት ዛፎች ሥር ቆምን። ኢድሪስ ላቡን አልጠረገም፤ ባገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ዋሽቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም» አለኝ። «ለሚስቴ ዋሽቻለሁ። ለርዕሰ መምህሩ ስንቴ ዋሽቻለሁ። በእንግሊዝኛ ግን ዋሽቼ አላውቅም።»

መሐረቤን አውጥቼ ሰጠሁት።

በችሎቱ ዕለት እኔና አዴ ሙና ከኋላ ተቀመጥን። ሰሚራ ከፊት ነበረች፤ ጀርባዋ ብቻ ይታየናል። ዘበኛው ጋሽ ተሾመ ለእኛ የነገረንን አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ተናገረ። ቀጥሎ ዮናስ ቀረበ። ዳኛዋ «ይህን ትርጉም ከየት አገኘኸው?» ብለው ጠየቁት።

«ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የተማርኩት።»

«ማን አስተማረህ?»

ዮናስ ወለሉን እያየ፣ «ቲቸር ኢድሪስ» አለ። «ውጪ ቆሟል።»

ዮናስ መስክሮ ከተቀመጠ በኋላ ኢድሪስ ተጠራ። ቁርኣን ይዞ ማለ። የሸሚዙ ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ለጠበቃዋ ጥያቄዎች ረጋ ብሎ መለሰ። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«ኤስና ጭረት ከሌለ ድንጋይ መወርወር ማለት ነው ብለው አስተምረዋል?»

«ልጆቹን ለማሳቅ ብዬዋለሁ።»

«እንግዲያው ይህን ዓረፍተ ነገር ያንብቡልኝ። ልጅቱ እንደጻፈችው ትክክል ነው ወይስ ስሕተት?»

ወረቀቱን ተቀበለ። መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገ፣ አደረገ። ያን ዓረፍተ ነገር በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቀው ሰው እንደ አዲስ ያነበው ጀመር። አዴ ሙና አማርኛው ሲፈጥን አይገባትም፤ እጄን ይዛ፣ «ምን አሉት? ምን አሉት?» ትለኛለች።

«ትክክል ነው» አለ ኢድሪስ።

«ያለ ኤስ? ያለ ጭረት?»

«በሁለቱም መንገድ ይጻፋል። ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቅርብ ነበርኩ ነው ያለችው።»

ዳኛዋ ዮናስን አስነሡት። «የተማርከው ከእሳቸው ነው ብለሃል። በሁለቱም ይጻፋል ይላሉ። ምን ትላለህ?»

ዮናስ ቀና ብሎ አስተማሪውን አየ። ያወቀ መሆኑን እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁት። በዚያ ክፍል ውስጥ ኢድሪስ መዋሸቱን በእርግጠኝነት የምናውቅ ዮናስና እኔ ብቻ ነበርን። ኢድሪስ ወደ ዮናስ አልዞረም፤ ወረቀቱን እንደያዘ ፊት ለፊት ግድግዳውን ያያል።

«ቲቸር ካለ ልክ ነው» አለ ዮናስ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሰሚራ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነፃ ተባለች። አዴ ሙና የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ኢድሪስ እግር ሥር ወደቀች። አንሥቶ አቀፋትና ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደ። አፉን ሲጉመጠመጥ፣ ሲተፋ፣ እንደገና ሲጉመጠመጥ ቆሜ አየሁት።

ዮናስን ፋብሪካው አሰናበተው። ሚስቱንና ሕፃኑን እናቱ ጋ ትቶ ጅቡቲ ገባ ተባለ። ወሬውን ያመጣልን ሰው ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ኢድሪስ በየጊዜው የሚያውቀውን ሾፌር ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ ያየው አልተገኘም። ሰሚራንም ፋብሪካው መልሶ አልወሰዳትም።

ከዚያ ወዲያ ኢድሪስ የተማሪ ደብተር አላረመም። ይሰበስባል፣ ጠረጴዛው ላይ ይከምራል፣ እንደተከመረ ይመልሳል። ቀዩ እስክሪፕቶ ከኪሱ ጠፋ። ልጆቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ኋላ ግን ፈሩ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ አነጋገረው። እኔ ስጠይቀው የጣሪያውን ማራገቢያ እያየ፣

«ያንን ትክክል ነው ባልኩበት አፌ ለልጆቹ ምኑን ስሕተት ነው እላቸዋለሁ?» አለኝ።

«የሰው ሕይወት አትርፈሃል እኮ።»

«አውቃለሁ። ዮናስንስ?»

መንፈቁ ሳያልቅ ጡረታውን ጠይቆ ወጣ። ስኳር ነበረበት፤ እቤት ከዋለ በኋላ ተባባሰበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቢያን እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ሽርጥ አገልድሞ፣ ካናቴራ ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አንገቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ቁልፍ ሲሸፍነው ኖሮ ቀጭን የልጅ አንገት ይመስላል።

ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ሰሚራና አዴ ሙና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘው መጡ። ሰሚራ ትንሽ ወዝ መልሳለች። የሰፈር ልጆችን ቤቷ እየሰበሰበች እንግሊዝኛ ማስጠናት እንደጀመረች ነገረችን። ኢድሪስ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የትኛውን መጽሐፍ እንደምትጠቀም፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ፣ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታደርግ እንደሆነ ጠየቃት። ለብዙ ጊዜ ያላየሁትን ኢድሪስ አየሁት። ሊሄዱ ሲነሡ ሰሚራ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«ቲቸር፣ አሁን ልጆች ስለማስተምር ነው የምጠይቅህ» አለችው። «ያኔ እንደጻፍኩት… በእርግጥ ትክክል ነበር?»

ኢድሪስ እኔን አላየኝም። እሷን ብቻ አየ።

«ትክክል ነበር፣ ልጄ። ምንም አላጠፋሽም።»

«እሺ ቲቸር» አለች። እጁን ስማ ሄደች።

ከግቢው እስኪወጡ ጠበቀ። «ለዳኛዋ የዋሸሁትን አላህ ይምረኝ ይሆናል» አለኝ። «ይህኛው ግን ይብሳል። ለልጆቹ ታስተምረዋለች፤ እነሱም ለልጆቻቸው። ስሕተት ነው ብላት ደግሞ ያ ሁሉ ወራት፣ የዮናስም ነገር፣ በአንዲት ፊደል የእሷ ጥፋት ይሆንባታል። ነገም ብትጠይቀኝ ትክክል ነው ነው የምላት።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ ሚስቱ እንዳታየው መሆኑ ገባኝና በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ያ የመጨረሻው ዓመቱ ነበር። እግሩ ቆሰለ፣ ዓይኑ ደከመ። በመጨረሻው ሰሞን ስሄድ ብዙ አይናገርም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «የሰሚራ ልጆች ስንት ደረሱ?» አለኝ። ለጥናት የምትሰበስባቸውን ማለቱ ነው። አላወቅሁም። «መብዛታቸው አይቀርም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከቀብሩ ተመልሰን ግቢው ውስጥ ስንቀመጥ፣ ሴቶቹ ካሉበት በኩል ሰሚራ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል። እጄን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

«ቲቸር፣ ያን ቅዳሜ የጠየቅኩት ሳላውቅ መስሎህ ነበር?»

አልገባኝም።

«ከእስር ቤት እንደወጣሁ ነው መጽሐፍ አውጥቼ ያየሁት። ኤሷን ረስቻታለሁ። ጭረቷንም። ቲቸር ኢድሪስ ለእኔ ብሎ ቁርኣን ይዞ እንደዋሸ የዚያን ቀን አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽው?»

«ራሱ ቢነግረኝ ብዬ። ከተነፈሰው ይቀለዋል ብዬ። ትክክል ነበር ሲለኝ አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው አቃተኝ። ሌላ ቀን ብቻዬን መጥቼ እነግረዋለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል…» መጨረስ አልቻለችም።

እስክትረጋጋ ጠበቅሁ። ከዚያ እሱ በዚያ ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስለው የነበረውን ጠየቅኋት። «ልጆቹንስ ምን ብለሽ ነው የምታስተምሪያቸው?»

ሰሚራ ግራ ገባት። «የአባባሉን ነገር? በትክክሉ ነዋ፣ ቲቸር! ከኤሷና ከጭረቷ ጋር። ሜዳ አውጥቼ ድንጋይ እያስወረወርኩ ነው የማስተምራቸው። ሌላ እንዴት ላስተምር እችላለሁ?»

ኢድሪስ ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው።